ጌም ሲከፈት ድርግም የሚል ኮምፒውተር፦ ችግርና መፍትሄ

ለእህቴ ልጅ በዩዝድ ዕቃ የጌም ኮምፒውተር ከገጣጠምኩለት ወዲህ፣ ለልጁ ወይም ለወንድሙ ተመሳሳይ ነገር የሠራ ሁሉ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ እኔ ጋ ይመጣል። አሠራሩ ያው ነው። ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ወይም መሰሉ ይገዛል፣ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ይጨመርለታል፣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው) ይሰካበታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጂቲኤ 5ንም ሆነ የቆዩ የፊፋ ጌሞችን በደንብ ያጫውታል። ኬብል መላላቱንና ሶኬቱ መሥራቱን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ራሙን አውጡና ጥርሱን በላጲስ ጠረግ አድርጋችሁ መልሱት። አብዛኛውን ጊዜ ይኼው ነው።

ሰዓቱ ሁሌ ወደ ኋላ ይመለሳል። የማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ባትሪ አልቋል፣ ሲአር 2032 ብላችሁ ግዙ።

ይሠራል፣ ግን ጌሙ ይንቀረፈፋል። የስክሪኑ ኬብል ከካርዱ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ጋር ተሰክቶ ይሆናል። ካልሆነ የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። «ፌክ» ካለ ተሸውዳችኋል። አሮጌውን ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ካርድ ስሙን ቀይረው 1050 ቲአይ ነው ብለው የሚሸጡ አሉ። የልጅ ገንዘብ ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው በጣም ያናድደኛል። ስለዚህ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ አስከፍታችሁ እዩ።

ጌም ሲከፈት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ከሚመጡልኝ ውስጥ ብዙው ይሄ ነው። ዊንዶውስ ላይ ምንም አይለውም፣ ፊልም ያሳያል፣ ጌሙ ሎድ አድርጎ ሜዳው ሲመጣ ግን መብራት እንደሄደ ሁሉ ድርግም ይላል። የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ አሁንም ጠፋ» እያለ ሲደውልልኝ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ሁለት ጊዜ ጫንኩ፣ ቀጥሎ ራም ቀየርኩ። ጥፋቱ የነበረው ፓወር ሰፕላዩ ላይ፣ ማለትም ከሶኬት የመጣውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ በሚያድለው ሳጥን ላይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የ7010 ትልቁ ሞዴል ይዞት የሚመጣው ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ነው፣ የተሠራውም ለቢሮ ሥራ ነው። ጂቲኤክስ 1060 የሚባለው ግራፊክስ ካርድ ብቻውን 120 ዋት ይበላል፣ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። ኮር አይ 5 3470 ፕሮሰሰሩ 77 ዋት አለ። ወረቀት ላይ ሲደመር የሚበቃ ይመስላል፣ ነገር ግን ከአሥር ዓመት በላይ የሠራ ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ደርቀው የድሮ ጉልበቱ የለውም።

ሙቀት ይሁን ፓወር በምን ትለያላችሁ? የሙቀቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፦ ፋኑ ይጮኻል፣ ጌሙ ይጎተታል፣ ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ያኔ አቧራውን አውጡ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀይሩ። የፓወሩ ግን ምንም ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ነው። አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ጭናችሁ የካርዱን ፓወር ሊሚት ወደ 70 በመቶ አውርዱና ያንኑ ጌም ሞክሩ። መጥፋቱን ከተወ ፓወር ሰፕላዩ መሆኑን በዚህ ታውቃላችሁ። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ጌሙ እየሠራ የፓወር ሰፕላዩን ቢጫና ጥቁር ገመድ (12 ቮልቱን) ይለካ፤ ከ11.4 ቮልት በታች ከወረደ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ይይዛል።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንዱ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ መውሰድ ነው፦ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት፣ 1050 ቲአይ 75 ዋት፣ ሁለቱንም ማዘርቦርዱ ይችላቸዋል። ከ1050 ቲአይ ውስጥ ባለ 6 ፒኖችም (ተጨማሪ የፓወር ገመድ የሚሰካባቸው) ስላሉ አይታችሁ ግዙ። ሁለተኛው የራሱ 6 ፒን ገመድ ያለው ፓወር ሰፕላይ መግዛት ነው፣ እሱንም አዲስ። ሌላው ሁሉ ዩዝድ ይሁን፣ ይሄን ግን አደራ። የ7010 ማዘርቦርድ የተለመደውን ባለ 24 ፒን የፓወር መሰኪያ ይቀበላል፤ 7020 እና 9020 የሚባሉት ኦፕቲፕሌክሶች ግን ባለ 8 ፒን ስለሆኑ መቀየሪያ ገመድ ይፈልጋሉ።

ላዩ ላይ «700 ዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈውን አትመኑ። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እዩ፣ የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 አባዙ። አንዱ ልጅ «500 ዋት» ብሎ ያመጣልኝ 16 አምፔር ነበር፣ ማለትም 192 ዋት። ሲያነሱትም ባዶ ካርቶን ይመስላል።

ከሳታ (የሃርድ ዲስክ ፓወር መሰኪያ) ወደ 6 ፒን የሚቀይረውን ትንሽ ገመድ በፍጹም አትጠቀሙ። የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ ባለ 6 ፒኑ ካርድ ደግሞ በዚያ በኩል እስከ 75 ይስባል። ጎረቤቴ የሆነች እናት «ልጁ ክፍል ውስጥ ፕላስቲክ ይሸታል» ብላ ጠራችኝ። የኮምፒውተሩን ሳጥን ስከፍተው ገመዱ ቀልጦ ከሃርድ ዲስኩ ጋር ተጣብቋል። ልጁ አጠገቡ ተኝቶ ነበር። ያን ቀን ያየሁትን አልረሳውም።

ከአሜሪካ ዘመድ የላከላችሁ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ቀይ የቮልት መምረጫ ካለች እዩ። 115 ላይ ሆና በእኛ 220 ብትሰኩት ወዲያው ይፈነዳል። ወደ 230 ግፏት። ይሄን ያላየ አንድ የሠፈር ወጣት ዕቃው በደረሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አቃጥሎታል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው አታብሩ፣ ነቅላችሁ ትንሽ ጠብቁ።

ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ከባዱን ጌም አንድ ሰዓት አጫውቱት። በየ10 ደቂቃው የፓወር ገመዶቹን ፕላስቲክ ዳስሱ፣ አሽትቱም። አንዱ እንኳ የሚያቃጥል ከሆነ አጥፉና ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ልጁ እስከ ቅዳሜ ይጠብቅ።