ድሬ ላይ ውሻ ለማሳደግ ላሰባችሁ

ቡችላ ለመግዛት ብር እያጠራቀማችሁ ከሆነ፣ እስቲ መጀመሪያ ሰፈራችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ ባለቤት የሌላት ውሻ ከነቡችሎቿ አጥር ሥር ተኝታ ማየት ብርቅ አይደለም። ፀጉረ ወፍራም የፈረንጅ ውሻ በድሬ ሙቀት ሲያለከልክ ይውላል፤ በጣም ያሳዝናል። የሀበሻ ውሻ ፀጉሩ አጭር ነው፣ ሙቀቱንም ለምዶታል። ብቻ ጥላና ንጹሕ ውኃ አይጉደልበት።

ቡችላውን ከእናቱ ቶሎ አትነጥሉት፤ 8 ሳምንት ይሙላው። ከዚያ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም። የሆድ ትላትል መድኃኒት ይሰጠዋል፣ መዥገርና ቁንጫውም ይታያል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ሲሞላው ይጀመራል፤ በሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ ይደገማል። ይህን በፍጹም እንዳታልፉት። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም ሆነ ውሻን አይምርም። ልጆች ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

ምግቡ አያስቸግርም። ሩዝ፣ ትራፊ እንጀራ፣ ከሥጋ ቤት የተገኘ ቁርጥራጭ ተቀቅሎ ይበቃዋል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን አትስጡት፣ ደሙን ይጎዳዋል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንዲሁ፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

አንድ ልመና አለኝ። ብዙ ሰው ወንዱን መርጦ ይሄዳል፣ ሴቷ መንገድ ላይ ትቀራለች። እባካችሁ እሷን ውሰዱ። እንዳትወልድ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና መቼ እንደሚሻላት ክትባቱን ስታስወጉ ሐኪሙን ጠይቁት።