አሮጌ ላፕቶፕን የትምህርት ቤት ሰርቨር ማድረግ

ደሴ ውስጥ ለትምህርት ቤት ሰርቨር፣ ማለትም ለሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች ፋይል የሚያቀርብ ማሽን፣ ልግዛ ለሚል ሰው መልሴ አንድ ነው፦ አትግዛ። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ ይበቃል። እንዲያውም ከዴስክቶፕ ይሻላል፤ ባትሪ ስላለው መብራት እልም ሲል አብሮ አይጠፋም።

የምንሠራው ቀላል ነገር ነው። ተማሪው በግቢው ዋይፋይ ገብቶ የድሮ ፈተናና ማስታወሻ በስልኩ ያወርዳል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ የማንም ካርድ አይቆጥርም። ኢንተርኔት የምትፈልጉት ፕሮግራሞቹን ለመጫን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላፕቶፑ 64 ቢት መሆኑን አረጋግጡ። 4 ጊጋባይት ራም ካለው ምንም አይጎድለውም። ኡቡንቱ ሰርቨር የሚባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አውርዱ። ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ የሌሊት ጥቅል ይሻላችኋል። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፉትና ላፕቶፑን በፍላሹ አስነሱ። ሲጫን ዲስኩን ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል፤ የቆየ ፎቶ ካለ ቀድማችሁ አውጡ። መሃል ላይ ኦፕን ኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒውተር ሆናችሁ ላፕቶፑ ውስጥ የምትገቡበት ፕሮግራም) ይጫን ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ በሉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል። የተኛ ሰርቨር ደግሞ ለማንም አይመልስም። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ፣ ሲስተምዲ ሥር፣ ሎግኢንድ የሚባለውን የማስተካከያ ፋይል ናኖ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ክፈቱ። ሃንድል ሊድ ስዊች የሚለው መስመር ፊት ያለውን የመሰላል ምልክት (#) አጥፉ፤ ሰስፔንድ የሚለውን ኢግኖር አድርጉት። ከዚያ ማሽኑን ሪስታርት አድርጉ። ደሴ ላይ ብርዱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ግን ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት፤ ከማስቀመጣችሁ በፊትም ፋኑን ከአቧራ አጽዱ።

ቀጥሎ አፓቺ። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነፃ የድር ሰርቨር፣ ማለትም ፋይሎቹን ለብራውዘር የሚያቀርብ ፕሮግራም ነው። ትእዛዞቹን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፉት፤ አነባበባቸው እንዲህ ነው፦ «ሱዶ አፕት አፕዴት»፣ ከዚያ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አፓቺ2»። ሲያልቅ «አይፒ ኤ» ብላችሁ አድራሻውን እዩ። ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። በዚያው ዋይፋይ ላይ ባለ ስልክ ብራውዘር ውስጥ አድራሻውን ጻፉት። «ኢት ወርክስ» የሚል ገጽ ከመጣ ተሳክቷል።

ፋይሎቹ የሚቀመጡት ቫር ውስጥ፣ ደብሊው ደብሊው ደብሊው ሥር፣ ኤችቲኤምኤል በሚባል ፎልደር ነው። ባለቤቱ ሲስተሙ ስለሆነ «ቻውን» በሚለው ትእዛዝ ወደ ራሳችሁ ስም አዙሩት። ፋይሎቹን ከሌላ ኮምፒውተር ፋይልዚላ በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ ፕሮግራም፣ በዚያው በኦፕን ኤስኤስኤች በኩል ታስገባላችሁ። ፈተና የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ፒዲኤፎቹን ብትጨምሩበት አፓቺ ራሱ ይዘረዝራቸዋል፤ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። የፎልደሩንም የፋይሎቹንም ስም ግን በላቲን ፊደልና ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ፤ የአማርኛ ስም ዝርዝሩ ላይ ሊበላሽ ይችላል። የመግቢያ ገጽ በአማርኛ ከጻፋችሁም ፋይሉን የአማርኛን ፊደል በሚይዘው ዩቲኤፍ-8 አስቀምጡ፤ ገጹ አናት ላይም ቻርሴቱ (የፊደል ኮዱ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አስፍሩ። ያለዚያ «ሀ» ስትጠብቁ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሊመጣ ይችላል።

አድራሻው ነገ እንዳይቀየር ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ውስጥ ገብታችሁ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ ያዙለት። ራውተሩም መብራት ይፈልጋል! ላፕቶፑ በባትሪ ቆሞ ራውተሩ ከጠፋ ዋጋ የለውም። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ግዙ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ብር ማውጣት ያለባችሁ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከግቢው ውጭም ይታይ ካላችሁ ጉዳዩ ሌላ ነው። የቤትና የቢሮ መስመር ብዙውን ጊዜ ከውጭ የሚደረስበት ቋሚ አድራሻ የለውም። በወር የሚከፈልበት ሰርቨር መከራየት ይቀላል፤ ኡቡንቱ እስከሆነ ድረስ አፓቺን የምትጭኑት በነዚሁ ትእዛዞች ነው። ያን ጊዜ የሚጨመረው ኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም በብራውዘሩና በሰርቨሩ መካከል የሚያልፈውን የሚመሰጥር ግንኙነት ነው። የራሳችሁ ዶሜይን ስም (የድረ ገጽ ስም) ካላችሁ ሰርትቦት የሚባለው ፕሮግራም ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ሌትስ ኢንክሪፕት ከሚባለው ሰጪ ድርጅት በነፃ ያወጣላችኋል።