በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ የፈተና መዝገብዎን በሕግ ለመጠየቅ

በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲ ሲማሩ ያልጠበቁት ውጤት ቢገጥምዎ መጀመሪያ የሚያምርዎ የመልስ ወረቀቱን መልሶ ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ግን ተፈታኙ በፈተና ላይ የጻፈውን መልስ፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘ መረጃን ግልባጭ ከሚያገኝበት መብት ውጭ አድርጎታል። «ወረቀቴ ይሰጠኝ» ብሎ የጠየቀ ተማሪ የእምቢታ ደብዳቤ ሲደርሰው ነገሩ ያበቃለት ሊመስለው ይችላል። የሚያሳዝነውም ይህ ነው፤ አራሚው ስለዚያው ወረቀት የጻፈው አስተያየት አልተከለከለምና።

ስለዚህ ጥያቄዎን በዝርዝር ይጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «በዚህ ኮርስ በተቀመጥኩበት ፈተና ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተሰጠኝን ነጥብ፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው አራሚ በወረቀቱ ኅዳግም ሆነ በተለየ ቅጽ ላይ ያሰፈሩትን አስተያየት፣ እንዲሁም የፈተና ቦርዱ ቃለ ጉባኤ እኔን የሚመለከተውን ክፍል እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።» የተማሪ ቁጥርዎንና የኮርሱን ኮድ ጨምረው ለዩኒቨርሲቲው የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ ይላኩት። አገልግሎቱ በመደበኛው አሠራር ክፍያ የለውም። መልሱ በአንድ ወር ውስጥ መድረስ አለበት፤ ጥያቄው ውስብስብ ከሆነ ግን ዩኒቨርሲቲው ምክንያቱን አስታውቆ ሁለት ወር ሊጨምር ይችላል። በቃለ ጉባኤው ውስጥ የሌሎች ተማሪዎች ጉዳይ ተሸፍኖ ቢደርስዎ አይከፉ፤ ሕጉ እነርሱንም ይጠብቃል።

ጊዜውንም ያስተውሉ። ውጤቱ ይፋ ከመሆኑ በፊት ከጠየቁ የአንድ ወሩ ገደብ አይሠራም፤ ከጥያቄው ቀን 5 ወር ወይም ውጤቱ ይፋ ከሆነበት ቀን 40 ቀን፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚደርሰው ይጸናል። ይህን መብት ተጠቅሞ ውጤትን ቀድሞ ማወቅ እንደማይቻል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

መዝገቡን ካገኙ በኋላ ምን ማስተካከል ይቻላል? እዚህ ላይ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በኖዋክ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ ጥሩ መነሻ ነው። በአየርላንድ የሂሳብ ባለሙያነት ፈተና የወደቀ ኖዋክ የተባለ ተፈታኝ ወረቀቱን ጠይቆ ተከልክሎ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም የተፈታኙ መልስና የአራሚው አስተያየት ሁለቱም የተፈታኙ የግል መረጃ መሆናቸውን ወሰነ። ከዚያው ጋር የተሳሳተ መልስን በማረም መብት ስም ማቃናት እንደማይቻል አስረዳ። ወረቀትዎ ከሌላ ተማሪ ወረቀት ጋር ከተቀያየረ ወይም የመልስዎ ከፊል ገጾች ከጠፉ ግን መዝገቡ ስህተት ነውና ይታረምልኝ ማለት ይችላሉ። «አራሚው ነጥብ ነፍጎኛል» የሚለው አቤቱታ የሚቀርበው በዩኒቨርሲቲው የይግባኝ ሥርዓት እንጂ በዚህ ሕግ አይደለም።

አገር ቤት ያሉ ወላጆችም ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፦ ተማሪው ካልፈቀደ በቀር ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን ለወላጅ አይነግርም፣ የትምህርት ክፍያውን የሚሸፍነው አባት ቢሆን እንኳ።

መልስ ከዘገየብዎ ወይም ያለ በቂ ምክንያት ከተከለከሉ መጀመሪያ ለዩኒቨርሲቲው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ካልሆነ የመረጃ ጥበቃ ሕጉን አፈጻጸም ለሚቆጣጠረው የአገሪቱ ተቋም፣ ለኢንፎርሜሽን ኮሚሽነር ቢሮ፣ ቅሬታ ያቅርቡ። የውጤት ይግባኝ ካለዎት ግን ይህን ሁሉ አይጠብቁ፤ የይግባኝ ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር ያነሰ ስለሆነ ይግባኙን በጊዜው አስገብተው የአራሚው አስተያየት ሲደርስዎ በተጨማሪ ማስረጃነት እንዲያያዝልዎ ይጠይቁ።