ማክ፣ ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ? ለሥራ ዴስክቶፕ ሲገዛ የሚሠሩ ስህተቶች

"ለቢሮ ዴስክቶፕ ልገዛ ነው፣ ማክ ይሻለኛል ወይስ ዊንዶውስ?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። እኔም መልሼ ምን ፕሮግራም ነው የምትከፍትበት፣ ፋይሉንስ ከማን ነው የምትቀበለው እላለሁ፣ ብዙው ሰው እዚህ ጋ ዝም ነው የሚለው ምክንያቱም ማሽኑን አስቀድሞ በዓይኑ መርጦታል።

ዋናው ስህተት ይሄው ነው፣ ማሽኑን ገዝቶ ፕሮግራሙን ከኋላ መፈለግ። ስትራክቸራል ኢንጂነር ከሆናችሁ ኢታብስና ሳፕ 2000 የሚሠሩት ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፣ ሬቪት፣ ሲቪል 3ዲ፣ 3ዲኤስ ማክስ፣ አርክጂአይኤስ ፕሮም እንደዛው። አካውንታንቶች ደሞ የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ማክ ላይ እንጭናለን ብላችሁ አትድከሙ (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆየ፣ ግን ማን ሴጅ ይለዋል)። በተቃራኒው የቪዲዮው ፋይናል ከት እና የድምፁ ሎጂክ ፕሮ ዊንዶውስም ሊኑክስም ላይ የሉም። የ3ዲው ብሌንደር ሦስቱም ላይ አለ። "አውቶካድ ማክ ላይ አለ አይደል እንዴ?" አለ፣ ግን ከዊንዶውሱ ጋር እኩል አይደለም፣ የለመዳችሁት ፕለጊን ላይሠራላችሁ ይችላል።

"ችግር የለም፣ ማኩ ላይ ዊንዶውስ እጭንበታለሁ" የሚለው ሁለተኛው ስህተት ነው። ይሄ በኢንቴል ማክ ዘመን ቡት ካምፕ (ማክ ላይ ዊንዶውስ የሚጭነው የአፕል ፕሮግራም) እያለ እውነት ነበር። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር ያላቸው ማኮች፣ ኤም 1 እና ከሱ በኋላ የመጡት ላይ ግን ቡት ካምፕ የለም፣ ያለው ፓራለልስን በመሰለ ፕሮግራም ውስጥ ለኤአርኤም ፕሮሰሰር (የኤም ቺፖቹ ዓይነት) የተሠራውን ዊንዶውስ 11 መክፈት ነው። ለቀላል ነገር ይሠራል፣ አልፎ አልፎ አንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ለመክፈት ምናምን፣ ግን ላይሰንሱ በዩኤስቢ ዶንግል (ካልተሰካ ፕሮግራሙ የማይከፈትበት ቁልፍ) የሆነ ሶፍትዌር ካላችሁ የዶንግሉ ድራይቨር ለኤአርኤም ካልተሠራ አይነሳም፣ እዛ ላይ ሙሉ ቢሮ መመሥረት ለኔ ቁማር ነው።

ሦስተኛው ብዙ የማይወራለት ነው፣ አብሯችሁ የሚሠራውን ሰው መርሳት። ሬቪት በአዲስ ቨርዥን ሴቭ የተደረገ ፋይልን በአሮጌው አይከፍትም፣ ወደ ኋላ ሴቭ ማድረግም የለም፣ ስለዚህ አብራችሁ የምትሠሩት ቢሮ ምን ቨርዥን ላይ እንዳለ ሳትጠይቁ አትነሱ። የአማርኛ ሰነድ ላይ ደሞ የራሱ ጣጣ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዛ በፊት ብቻ ሳይሆን ከዛም በኋላ ለብዙ ዓመት መሥሪያ ቤቶች በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው ሲጽፉ የኖሩት። ያንን ደብዳቤ ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ስትከፍቱት "ለሚመለከተው ሁሉ" የሚለው የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ያኔ የድሮዎቹ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለዊንዶውስ የተሠሩ ስለሆኑ ማክም ሊኑክስም ላይ ትቸገራላችሁ። አዲሱ በዩኒኮድ የተጻፈው የትም ይነበባል፣ ግን ዊንዶውስ ላይ "ኒያላ" በሚባለው ፎንት የተጻፈ ማክ ላይ "ከፋ" በሚባለው ፎንት ሲከፈት መስመሩ ይንሸራተታል፣ ገጽ 12 ላይ የነበረው ሰንጠረዥ 13 ላይ ይገኛል። የጨረታ ሰነድ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩት፣ በቃ።

ሊኑክስ ነፃ ነው ብሎ ለሁሉም መጫንም አለ። ለፕሮግራመርና ሰርቨር ለሚያስተዳድር ሰው እኔ ራሴ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ነው የምመክረው፣ ግን ማይክሮሶፍት ኦፊስ ለሊኑክስ ዴስክቶፕ የለውም፣ ኤክሴል ላይ ማክሮ የሚጽፍ ፋይናንስ ክፍል በምትኩ ነፃውን ሊብሬኦፊስ ስትሰጡት ሊያብድባችሁ ነው። ቪዲዮ ኤዲተሮችም ልብ በሉ፣ የቪዲዮ ማቀናበሪያው የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቨርዥን ሊኑክስ ላይ ካሜራና ስልክ የሚያወጡትን ኤች 264 ፋይል አይቀበልም።

ያገለገለ ዴስክቶፕ የምትገዙ ደሞ ፕሮሰሰሩን እዩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ሰፖርት በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገው ደሞ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና ኢንቴል ከሆነ ባብዛኛው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ ነው። ሻጩ "ኮር አይ 7 ነው" ስላላችሁ አትሸወዱ፣ 4ኛ ጀነሬሽንም አይ 7 አለው።

የአሁኖቹ ማኮች ላይ ራም በኋላ አይጨመርም፣ የሚበቃችሁን መጀመሪያውኑ ግዙ። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድና ኩዳ (ካርዱን ለስሌት የሚያሠራው የኤንቪዲያ ሶፍትዌር) የሚፈልግ ሥራ ካላችሁ ደሞ ማክን እርሱት።

የመብራት ነገርም ፕላትፎርም ምርጫ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ይስቃል እንጂ። ኤም 4 ማክ ሚኒ ቢበዛ 65 ዋት ነው የሚወስደው፣ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ያለው ፒሲ ሬንደር ላይ ብዙ እጥፍ ይበላል፣ ስለዚህ አንዱ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ) ላይ ረጋ ብሎ ሲቆይ ሌላው እዛው ዩፒኤስ ላይ ሊጠፋባችሁ ይችላል። የዩፒኤሱን ዋጋ ከማሽኑ ጋር ደምራችሁ አወዳድሩ። ሌዘር ፕሪንተር የዩፒኤሱ ባትሪ ላይ አትሰኩ፣ ሞኒተሩን ግን ሰኩ፣ ማሽኑ በርቶ ስክሪኑ ከጠፋ ሴቭ የምታደርጉት በዳበሳ ነው።