ትከሻ የሚቆርጠው የጀርባ ቦርሳ እንዴት ተስተካከለ

ወደ ቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ለመሄድ ስንዘጋጅ ያስቸገረኝ ቦርሳዬ ነበር። ከሐዋሳ ዲላ ድረስ መኪና አለ፣ ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ግን የጌዴኦ ኮረብታ በእግር ነው። ዝናቡም ሳይታሰብ ነው የሚመጣው።

ለሙከራ ሞልቼው እዚያው ሐዋሳ ያለውን ታቦር ተራራን ስወጣ ወደ ኋላ ይጎትተኛል፤ ትከሻዬ ድንዝዝ ይላል።

ዋናው ነገር አሞላሉ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ሦስት ሊትር ከውጭ ኪስ ከተንጠለጠለ ሰው ይጥላል! አሁን የመኝታ ከረጢቱ ከታች፣ ውሃውና በሶው መሀል ላይ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቀው፣ ጃኬቱ ከላይ ይገባል። ከዚያ የቦርሳው ቀበቶ። ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ አሳርፌ መጀመሪያ እሱን አጠብቃለሁ። የትከሻውን ማንገቻ ቀጥሎ፣ ያውም ላላ አድርጌ። ክብደቱ ወዲያው ከትከሻ ወደ ዳሌ ሲወርድ ይታወቃል።

ለዝናቡ ደግሞ ትልቅ ወፍራም የቆሻሻ ፌስታል ከቦርሳው ውስጥ ዘርግቼ ልብሱን እዚያ ከተትኩ። አፉን ጠምዝዞ ማጠፍ በቂ ነው። ከላይ የሚለብሰው ሽፋን በጀርባ በኩል ውሃ ያስገባል፣ ብዙም አላምነውም።

ቱቱ ፈላ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር አካል ነው። ስለዚህ ስታርፉ ቦርሳችሁን ድንጋዮቹ ላይ አታስደግፉ።

የደረት ማሰሪያው ቁልፍ ግን አሁንም ይላቀቃል። ለጊዜው በጫማ ክር አስሬዋለሁ።