ጎንደርን ከፋሲል ግንብ አትጀምሩ

ጎንደር የሚመጣ እንግዳ አካሄዱ አንድ ነው። አዘዞ ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ ፒያሳ ቡናውን ይጠጣል፣ ግቢው ውስጥ ሁለት ሰዓት ፎቶ ሲነሳ ይቆይና “በቃ፣ አየሁት” ብሎ ጥሬ ሥጋውን ፍለጋ ይሄዳል። ግንቡን አይቷል፣ አልክድም። ግንቡ ከየት እንደመጣ ግን አላየም። እኔ እንግዳ ሲመጣብኝ ፋሲልን ለመጨረሻው ቀን ነው የማቆየው። መጀመሪያ ሐይቁ ዳር፣ ቀጥሎ በየገጠሩ ያሉት ፍርስራሾች፣ ከዚያ ተራራው፣ ግቢው መጨረሻ። አምስት ቀን ካላችሁ ደህና ነው። ሦስት ብቻ ከሆነ ተራራውን ለሌላ ጊዜ ተዉት፤ ስሜን ተሮጦ የሚታይ አገር አይደለም።

ከሁሉም በፊት መንገድ ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ ባለው ሁኔታ ዛሬ ክፍት የነበረ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። ፌስቡክ ላይ ያነበባችሁትን ሳይሆን በዋዜማው የመናኸሪያ ሾፌሮች የሚሏችሁን እመኑ። “ነገ ይለፍ” ካሏችሁ አትከራከሩ፣ ከተማ ውስጥም የሚታይ ሞልቷል። በጠዋት ውጡ፣ ሳይመሽ ግቡ። ወቅቱን በተመለከተ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚያህል የለም፤ ዝናቡ አቁሟል፣ አገሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ጥምቀት ሌላ ነገር ነው። ለጥምቀት የምትመጡ ከሆነ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ፣ ያለበለዚያ ዘመድ ፈልጉ።

በሐይቁ እንጀምር። ጎርጎራ ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከአዘዞ ተገንጥላችሁ በቆላድባ በኩል የደንቢያን ሜዳ ታቋርጣላችሁ፤ ግራ ቀኙ ጤፍና ሽምብራ ነው። ክረምት ላይ ከዋናው መንገድ ከወጣችሁ መረሬው ጫማ ከእግር ይነጥቃል። አሸዋ ላይ ተንጋሎ ፀሐይ መሞቅ ያማረው ሰው እዚህ ሊቀየም ይችላል፤ የጣና ዳር ደንገል፣ ጭቃና ጥቁር ድንጋይ ነው። እና አትዋኙ። የሠፈሩ ልጆች ሲንቦጫረቁ ብታዩም እናንተ አትግቡ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያው ሣር የበዛበት ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ስለሆነ፣ “እግሬን ብቻ ልንከር” ማለትም አያዋጣም። ጉማሬም አለ፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። ደንቢያ የወባ አገር ነው፤ ካደራችሁ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ጠዋት ጀልባ ይያዛል። ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ስለዚህ በጊዜ ወጥቶ በጊዜ መመለስ ነው። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ፤ “ደርሶ መልስ፣ ቆሞ መጠበቅን ጨምሮ” ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለው ሌላ ጀልባ ፈልጉ። የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን እዚያው ጎርጎራ ነው፣ ክብ ነው፣ ክዳኑ ሣር ነው፣ ውስጡ በጥንት ሥዕል የተሞላ ነው። ጫማ ማውለቅ አይቀርም፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ። ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ሴት ስለማይገባ ቤተሰብ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ማን ዳር ላይ እንደሚጠብቅ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ጀልባው ላይ ኩርፊያ ጥሩ አይደለም። ለማደር በገበታ ለሀገር የተሠራው ሪዞርት አለ፣ ኪስ ለሚችል። ኪስ ለማይችል ደግሞ ትኩስ የዓሣ ጥብስ በልቶ ጎንደር ገብቶ መተኛት ነው።

ለእኔ የጎርጎራ ዋናው ነገር ግን ማርያም ግምብ ነው። ከአሁኑ ከተማ ራቅ ብሎ፣ አሮጌው ጎርጎራ ላይ፣ ሐይቁ ውስጥ ዘልቆ በገባ መሬት ላይ የቆመ ፍርስራሽ ነው፤ በጀልባ መሄድ ይቀላል። ዐፄ ሱስንዮስ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ከ1607 እስከ 1632 ነገሠ) ኢየሱሳውያኑን (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን) አስጠግቶ፣ ካቶሊክም ሆኖ፣ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠራው እዚህ ነበር። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፔናዊ ቄስ የሠራበት ቦታ ነው። አብዛኛው ወድቋል። የቀረውን ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ድንጋዩ ላይ አበባ ተጠርቦበታል። ከዚያ ደግሞ በድንጋይና በድንጋይ መሃል ያለውን ነጭ ኖራ ፈልጉ። ይህንን ኖራ አትርሱት፤ ከዚህ በኋላ በምትሄዱበት ሁሉ እሱን ነው የምትከተሉት። በጭቃ የተያያዘ ካብ ዝናብ ያጥበዋል። በኖራ የተያያዘ ግን ፎቅ ይሸከማል።

በማግሥቱ የባሕር ዳርን መንገድ ይዛችሁ እንፍራንዝ አጠገብ ያለውን ጉዛራን እዩ። በዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563–1597) ዘመን እንደተሠራ ነው የሚነገረው፣ ማለትም ፋሲል ከመወለዱ በፊት። ኮረብታው ላይ ስትወጡ ከታች ጣና ተዘርግቶ ይታያል፤ ንጉሡ ቦታውን ለምን እንደመረጠው አስጎብኚ ሳያስፈልጋችሁ ይገባችኋል። ጊዜና ጉልበት ያለው ሰው ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ ያለውን ደንቀዝን ይጨምር። የሱስንዮስ ከተማ ነበር፣ ዛሬ ሣር የበቀለበት ግድግዳ ነው፣ በእግር መሄድም ይጠይቃል። የሠፈር ልጅ መንገድ መሪ ያዙ፣ ቁርጥ ያለ ዋጋ ተነጋግራችሁ። ስትመለሱ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ጎራ በሉ፤ ሱስንዮስ የተቀበረው እዚያ ነው። በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ፣ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ትቶ ነው ያረፈው። ልጁ የካቶሊክ ቄሶቹን ከአገር አስወጣ። ኖራውን ግን አላስወጣውም።

ለእግር መንገድ መጀመሪያ ኮሶዬ ሂዱ። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ የቆላውን አገር ቁልቁል ታያላችሁ፣ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ለሳንባችሁም ማሟሟቂያ ነው። ከዚያ ደባርቅ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የሚከፈለው እዚያ ነው፤ መሣሪያ የያዘ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) መያዝ ግዴታ ነው፣ “እኔ አገሬን አላውቅም ወይ” የሚለው ክርክር አይሠራም። የአንድ ቀን ጉዞ ከሆነ ሳንቃበርን (3,250 ሜትር) እና የጅንባርን ፏፏቴ አይታችሁ ተመለሱ። የምታድሩ ከሆነ እስከ ጨነቅ ዝለቁ፣ ዋልያ የማየት ዕድላችሁ እዚያ ይሻላል። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ በሳምንት መጨረሻ ዕረፍት ደርሼ እመለሳለሁ ብላችሁ አታስቡ። ሌሊቱ ውኃ ያረጋል። ጋቢ ያዙ፣ ስለ ፋሽን በኋላ ይታሰባል።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ስታገኙ አትከተሏቸው። ቁጭ በሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያለው ባለጎፈሩ ወንድ ያያችኋል፣ ይንቃችኋል፣ ወደ ሣሩ ይመለሳል። ዝም ካላችሁ መቶ የሚሆኑ እጆች ሣር ሲነጩ ድምፁ ይሰማችኋል። ዳቦ አትወርውሩላቸው፣ ክልክል ነው፤ ደግሞም የሰው ምግብ የለመደ ዝንጀሮ በኋላ ለገበሬው ነው የሚተርፈው።

አሁን ወደ ከተማ። ጠዋት ቁስቋም ውጡ፣ ሰው ስለማይበዛበት እንደልብ ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ነበር፣ ግድግዳው ላይ ከቀይ ድንጋይ የተጠረቡ መስቀሎች አሉ፣ በ1888 ከሱዳን የመጡ ደርቡሾች አቃጥለውታል። ከሰዓት፣ ፀሐይ ጋደል ስትል፣ ነገሥታቱ ግቢ ግቡ። ግቢው በ900 ሜትር አጥር የተከበበ ነው፣ ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አለ። ቀጥታ ወደ ፋሲል አትሩጡ፤ የታላቁን ኢያሱን ግንብ አስቀድሙ፣ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ጣሊያንን ለመምታት የጣሉት ቦምብ ያደረሰበትን ጉዳት ታያላችሁ። ከዚያ ፋሲል ፊት ቁሙ። ጥቁሩን ድንጋይ፣ የመስኮቶቹን ቀይ ቅስት፣ አራቱን ባለጉልላት ማማዎች፣ በድንጋዩ መሃል ያለውን ነጭ መስመር እዩ። ጎርጎራን ያየ ሰው እና ያላየ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚለዩት።

ትኬቱን አትጣሉት፣ ለፋሲል መዋኛም ያገለግላል፤ ባጃጅ ያደርሳችኋል። ከጥምቀት ሰሞን ውጪ ገንዳው ደረቅ ነው፣ ውኃው ከቀሃ ወንዝ ለበዓሉ ነው የሚሞላው። ደረቅ ሲሆን ግን አጥሩን የጨመደዱትን የዛፍ ሥሮች በእርጋታ ማየት ይቻላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የራሱ ክፍያ አለው። የቅዳሴውን ሰዓት አሳልፉና ሂዱ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ለማየት አንገት ቢያማችሁ ግድ የለም፣ ፍላሽ ግን አጥፉ።