በትንሽ ከተማ የመርፌ ልውውጥ አገልግሎት እንዴት ይጀመራል?

ኦስቲን በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት የምትገኝ፣ 4,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኦፓና የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን አሟሙተው በጋራ መርፌ በሚወጉ ሰዎች መካከል ኤች አይ ቪ ተዛመተ። በቫይረሱ የተያዙት ከ200 በለጡ። ያገለገለውን መርፌ እየተቀበሉ ንጹሕ ማደል፣ ማለትም የመርፌ ልውውጥ፣ የተፈቀደው በመጋቢት 2015 የአስቸኳይ ጊዜ የጤና አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው። ወረርሽኝ ሳይጠብቁ መጀመር ለሚፈልጉ አካሄዱ ይኸውና።

መጀመሪያ ሕጉን ይመርምሩ። ከዚያ ፖሊስ አዛዡን ቀርበው ያነጋግሩ፤ ከአገልግሎቱ ደጃፍ ላይ ሰው ከተያዘ ሁለተኛ የሚመጣ አይኖርም።

ቀጥሎ ቦታ ይምረጡ። በትንሽ ከተማ ትልቁ እንቅፋት ሐፍረት ነው። በር ላይ የታየ ሰው ማታውኑ በየቤቱ ይወራበታል። ስለዚህ ክትባትና የደም ግፊት ምርመራ ከሚሰጥበት ቤት ጋር ያጣምሩት፤ መኪና የሌላቸው ብዙ ናቸውና በሳምንት የተወሰነ ቀን በመኪና ወደየሰፈሩ ይሂዱ። ስም አይጠይቁ። የእናት ስም የመጀመሪያ ፊደልና የትውልድ ዓመት ተጣምረው መለያ ይሆናሉ።

መርፌውን በቁጥር አይሰስቱ። «አንድ ላመጣ አንድ» የሚለው ደንብ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሩቅ የሚኖረው ሰው የተሰጠው ሲያልቅበት የጎረቤቱን መርፌ ይዋሳል። ለእያንዳንዱ መወጋት አንድ አዲስ መርፌ እንዲኖረው አስልተው ይስጡ። ማሟሟቻ ዕቃውና ማጣሪያ ጥጡም አብረው ይሰጡ፤ የጉበት ቫይረስ ሲ በእነዚህም ይተላለፋል። ያገለገለው መርፌ የሚመለስበት፣ የማይበሳ ጠንካራ ሳጥን ለሁሉም ያድሉ።

ከመጠን በላይ በተወሰደ የኦፓና ዓይነት መድኃኒት ትንፋሹ የተዳከመን ሰው የሚያነቃው ናሎክሶንም አይቅር። አምቡላንስ ዘግይቶ በሚደርስበት ገጠር ሕይወት የሚያተርፈው አጠገብ ያለ ሰው ነው። ትንፋሹ የተዳከመ ሰው ሲያዩ አምቡላንስ ይጥሩ፣ መድኃኒቱን በአፍንጫው ይንፉ፣ ትንፋሽ ይስጡት፤ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ካልነቃ ይድገሙለት። ይህን ለቤተሰቡም ያስተምሩ።

የኤች አይ ቪና የጉበት ምርመራውን እዚያው ያድርጉ። ሱስ ማቆም እፈልጋለሁ ያለውን ወደ ሕክምና የሚወስድ መኪናም ያዘጋጁ፤ ቀጠሮ ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ሰውን ማጣት ነው።

ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንቱ ሕክምና እንደጀመረ፣ ስንት መርፌ እንደተመለሰ ከመጀመሪያው ቀን ይመዝግቡ። የኦስቲን ወረርሽኝ ከተገታ በኋላ በ2021 የወረዳው ኮሚሽነሮች አገልግሎቱ እንዲዘጋ ወስነዋል። እርስዎም ቁጥሩን ይዘው በየዓመቱ በአካባቢዎ ባለሥልጣናት ፊት ይቅረቡ፤ አገልግሎቱን የተጠቀመ፣ ለመናገርም ፈቃደኛ የሆነ ሰው አብሮዎት ይምጣ።